የተሳካን ሥራ እንደገና መሥራት፦ ከጥንዚዛዋ ቮልስ እስከ ሁለተኛዋ ጎልፍ

በ1983 በሴፕቴምበር ወር በፍራንክፈርት ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የአውቶሞቢል ትርዒት ላይ የቮልስዋገን ኩባንያ አንዲት አዲስ መኪና ለሕዝብ አቀረበ። አዲስ ትባል እንጂ ስሟ ያው የቀድሞው ጎልፍ ነበር። መልኳም ቢሆን ከቀድሞዋ እምብዛም አልራቀም። ክብ የሆኑት የፊት መብራቶቿ፥ አጭሩ አፍንጫዋና ከኋላ በሩ ግራና ቀኝ ጣሪያውን የሚሸከመው ሰፊ ምሰሶ ከቦታቸው አልተነሡም። በሩቁ ያያት ሰው ከታላቅ እኅቷ ጋር ቢያምታታት አይፈረድበትም ነበር። ይሁን እንጂ ላሜራዋም ሆነ ውስጧ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተገጣጠመችበት ፋብሪካ በአዲስ መልክ የተሠሩ ነበሩ።

የዚህችን መኪና ታሪክ ለባለሙያ ሁሉ ጠቃሚ የሚያደርገው ከአውቶሞቢል ሥራ ክልል የሚያልፍ አንድ ጥያቄ ስለሚነሣበት ነው። አንድ ድርጅት እጅግ የተሳካለትን ሥራ መቼ ሊለውጠው ይገባል? ቀድሞ ቢለውጠው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደ ተባለው ይሆንበታል። ቢዘገይ ደግሞ ዘመኑ ጥሎት ይሄዳል። የቮልስዋገን ኩባንያ ከ1983 አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ይህንኑ ጥያቄ ዘግይቶ በመመለሱ ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር። ሁለተኛዋ ጎልፍ ስትሠራ ግን ትምህርቱ አልተረሳም። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት፥ ሌላ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንዲት መኪና የተሸከመችው ኩባንያ

በሰሜን ጀርመን በቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን ፋብሪካ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1938 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ወደቀ፤ በሻለቃ አይቫን ኸርስት ኃላፊነትም ከፍርስራሽ ተነሥቶ መኪና ማምረት ጀመረ። በ1948 መጀመሪያ ላይ ሥራ አስኪያጅነቱን የተረከቡት ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ የአንዲቱን መኪና መሠረታዊ ቅርጽ ሳይነኩ ጥራቷን ከዓመት ዓመት ማሻሻል የሚለውን መመሪያ አጥብቀው ያዙ። ሞተሯ በስተኋላ የተቀመጠ፥ በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ፥ ለአያያዝና ለጥገና ቀላል የሆነችው ይህች መኪና በቅርጿ ምክንያት «ጥንዚዛ» የሚል የቅጽል ስም ተሰጣት። በአገራችን ደግሞ የኩባንያውን ስም በማሳጠር «ቮልስ» ተብላ በቤተሰብም በጋራዥም የታወቀች ሆነች። ራዲያተር የሌላት መሆኗ ውሃ በማይገኝበት መንገድ ለሚጓዝ ሰው ታላቅ ዕረፍት ነበር።

መመሪያው ለሃያ ዓመት ያህል ሠራ። በ1955 አንድ ሚሊዮንኛዋ ጥንዚዛ ከፋብሪካው ወጣች። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972 ደግሞ 15,007,034ኛዋ ተሠርታ የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ ለረጅም ጊዜ ይዛው የቆየችውን የምርት ብዛት ክብር ወረሰች። በዚያ ቀን የኩባንያውን ሂሳብ ከመዝገብ ሳይሆን ከደስታው ብቻ የሚመለከት ሰው ከዚያ የሚበልጥ ጤንነት ሊገምት አይችልም ነበር።

ሕመሙ ግን ከውስጥ ነበር። በሌሎች አገሮች የትንሽ መኪና አሠራር ከሥሩ ተለውጧል። በ1959 እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ኢሲጎኒስ ሚኒ በተባለችው መኪና ላይ ሞተሩን በስተፊት አግድም አስቀምጠው የፊት ጎማዎችን በማሽከርከር፥ በትንሽ ርዝመት ብዙ የሰው መቀመጫ ማግኘት እንደሚቻል አስመሰከሩ። በ1961 የወጣችው ሬኖ 4 ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት የኋላ በር ይዛ መጣች፤ የኋላው መቀመጫ ሲታጠፍም የቤተሰብ መኪናዋ የጭነት መኪና ሆነች። በኢጣልያ ደግሞ ዳንቴ ጃኮዛ የተባሉት የፊያት መሐንዲስ ሞተሩንና ካምቢዮውን ጎን ለጎን አግድም የማስቀመጥን ዘዴ በ1964 በአውቶቢያንኪ ፕሪሙላ፥ በ1969 ደግሞ በፊያት 128 ላይ ሠሩበት። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታዩት ትናንሽ የነዳጅ መኪናዎች አብዛኞቹ የሚከተሉት ይህንኑ የጃኮዛን አቀማመጥ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥንዚዛዋ ጠባብ ነበረች፤ ነዳጅ ትፈጃለች፥ ዕቃ የምትይዝበት ቦታም ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ የኩባንያው ገቢ በአሜሪካ ገበያ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ፥ ከ1971 ጀምሮ የዶላር ዋጋ በማርክ አንጻር ሲወድቅ እያንዳንዷ የተላከች መኪና የምታስገኘው ትርፍ እየመነመነ ሄደ።

የተጣለው ንድፍ

ኖርድሆፍ በ1968 ሲሞቱ በእግራቸው የተተኩት ኩርት ሎትስ ለጥንዚዛዋ ወራሽ የማግኘትን ከባድ ሥራ ተረከቡ። በኩባንያው ውስጥ የወራሽ እጥረት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ የሚመረጠውን አለማወቅ ነበር። ከተሞከሩት ንድፎች ሁሉ እጅግ የተራመደው በፖርሽ ድርጅት ውስጥ በፈርዲናንድ ፒየኽ መሪነት የተሠራውና ኢ አ 266 የሚል መለያ የተሰጠው ነበር። በዚህ ንድፍ ሞተሩ ከኋላ መቀመጫው ሥር ተጋድሞ ይቀመጣል። አሠራሩ የረቀቀ ነበር፤ ነገር ግን ሞተሩን ለመጠገን አስቸጋሪ፥ ለማምረትም ውድ ነበር።

ሎትስ ከዚሁ ጎን ለጎን ሌላ በር አንኳኩ። የኩባንያው መልእክተኞች በኢጣልያ በቱሪን ትርዒት ላይ ከታዩት መኪናዎች ውስጥ የወደዷቸውን ስድስት ሲመርጡ፥ አራቱ የጆርጄቶ ጁጃሮ ሥራዎች ሆነው መገኘታቸው ይነገራል። በ1970 ጁጃሮ ወደ ቮልፍስቡርግ ተጠሩ። በዚያም የጀርመን መሐንዲሶች ፈታተው በመመርመር ላይ ያሉትን አንዲት ፊያት 128 አሳዩአቸው። ኩባንያው ሊወዳደራት ያሰባት መኪና ማን እንደ ሆነች ከዚህ ግልጽ ነበር።

በ1971 መጨረሻ ላይ ሎትስ ሥራቸውን ለቀው ሩዶልፍ ላይዲንግ ተተኩ። ላይዲንግ ቀደም ሲል በብራዚል የሚገኘውን የቮልስዋገን ፋብሪካና የአውዲ ኤን ኤስ ኡ ኩባንያን ያስተዳደሩ ቆራጥ ሰው ነበሩ። ከመጀመሪያ ውሳኔዎቻቸው አንዱ ብዙ ገንዘብና የዓመታት ድካም የፈሰሰበትን ኢ አ 266 ማስቆም ነበር። ለአንድ መሐንዲስ ያለቀለትን ሥራ ሲጣል ማየት እንደ ሞት ይቆጠራል፤ ላይዲንግ ግን ወደፊት የሚጠፋውን ገንዘብ እንጂ አስቀድሞ የጠፋውን አልቆጠሩም። ፊታቸውንም በጁጃሮ ቅርጽ ላይ ወደ ተመሠረተው፥ ሞተሩ በውሃ ወደሚቀዘቅዘውና የፊት ጎማዎቹ ወደሚነዱት ንድፍ መለሱ።

እዚህ ላይ ያዳናቸው በቤታቸው የነበረ ዕውቀት ነው። ኩባንያው በስልሳዎቹ ዓመታት የገዛው አውዲ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተርና የፊት ጎማ ነጂ አሠራር ከነባለሙያዎቹ ይዞ መጥቷል። በ1972 ለወጣችው አውዲ 80 የተሠራው ሞተር ኃይል ላላት ጎልፍ ዋለ፤ አነስተኛው 1.1 ሊትር ሞተር ደግሞ ከአውዲ 50 ጋር የጋራ ሆነ። ስለዚህ ለሃያ ዓመት በአየር ማቀዝቀዝ ብቻ የተመካው ድርጅት አዲሱን ጥበብ ከባዶ መጀመር አላስፈለገውም።

የ1974 ዓመት

በማርች 29 ቀን 1974 በቮልፍስቡርግ የጎልፍ ምርት ተጀመረ። ርዝመቷ 3.70 ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም አምስት ሰው ትይዛለች፤ የኋላ በሯ ተከፍቶ መቀመጫዋ ሲታጠፍም ለጭነት ሰፊ ቦታ ትሰጣለች። የኋላ ጎማዎቿ የተያያዙት ራሱ እየተጠመዘዘ ንውጥውጥታውን በሚቀበል አንድ አግዳሚ ብረት ሲሆን፥ ይህ ዘዴ በቀላልነቱና በርካሽነቱ በኋላ በብዙ ኩባንያዎች ተቀድቷል። ጁጃሮ አራት ማዕዘን አድርገው የነደፉት የፊት መብራት ወጪ ለመቀነስ ሲባል ክብ ሆነ። በዚያን ጊዜ ለቁጠባ የተደረገው ይህ ለውጥ ከዓመታት በኋላ የመኪናዋ መታወቂያ ምልክት ሆኖ መቅረቱ የሚያስደንቅ ነው።

በጁላይ 1 ቀን 1974 በቮልፍስቡርግ የመጨረሻዋ ጥንዚዛ ተገጣጠመች። ምርቷ በጀርመን በኤምደን ፋብሪካ እስከ 1978 መጀመሪያ፥ በሜክሲኮ ደግሞ እስከ ጁላይ 30 ቀን 2003 ድረስ ቀጥሎ በጠቅላላው 21,529,464 ደርሷል፤ በተወለደችበት አዳራሽ ግን ዘመኗ በዚያ ቀን አበቃ። በእኛ አገር ታሪክም ያች መኪና በዚያው ዓመት የማይረሳ ስፍራ አገኘች። ከአሥር ሳምንታት በኋላ፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን መውረዳቸው ተነግሯቸው ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በአንዲት ቮልስ ተሳፍረው ነበር። ያን ያህል የተራ ሰው መኪና ሆና ስለ ነበረ ነው የዚያ ዕለት ትዕይንት በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ተቀርጾ የቀረው።

አዲሲቱ መኪና ብትወደድም፥ የዘገየ ውሳኔ ዕዳው ወዲያው አልተሰረዘም። ፓሳት፥ ሺሮኮና ጎልፍ በተከታታይ የወጡበት ወጪ፥ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ጋር ተዳምሮ፥ ኩባንያውን በ1974 የ807 ሚሊዮን ማርክ ኪሣራ ውስጥ ጣለው። ላይዲንግ ከሥራቸው ተነሡ። በ1975 የተተኩት ቶኒ ሽሙከር ወደ 25,000 የሚጠጉ የሥራ ቦታዎችን የሚቀንስ ዕቅድ ይዘው መጡ። ከተሰናባቾቹም መካከል በጥንዚዛዋ የብልጽግና ዘመን ከኢጣልያ የመጡ በርካታ ሠራተኞች ይገኙ ነበር። መኪናዋን በጊዜው ያልቀየሩት የበላይ ኃላፊዎች ሲሆኑ፥ ዋጋውን በቅድሚያ የከፈሉት በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የቆሙት ነበሩ። የኩባንያውን ታሪክ የሚያጠና ባለሙያ ከኪሣራው አኃዝ ይልቅ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

ጎልፍ ኩባንያውን መልሳ አቆመችው። በኦክቶበር 1976 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። በዚያው ዓመት 1.5 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያላት ጎልፍ ወጥታ የናፍጣ ሞተር የከባድ መኪናና የታክሲ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ለወጠች። ጂ ቲ አይ የተባለችው ፈጣኗ ጎልፍም ጥቂት የኩባንያው ሰዎች ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ የጀመሯት ነበረች፤ የገበያ ክፍሉ 5,000 ብትሸጥ ይበቃል ብሎ የገመታት ይህች መኪና ከ400,000 በላይ ተሸጠች።

ሁለተኛዋ ጎልፍ

የሰባዎቹ ዓመታት ሊያበቁ ሲቃረቡ የቀድሞው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ጎልፍ በሚገባ እየተሸጠች ነው፤ ታዲያ ለምን ትለወጣለች? ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሆንም ወይ? ሆኖም ተወዳዳሪዎቹ አልተኙም ነበር። ኦፔል በ1979 ካዴትን፥ ፎርድ በ1980 ኤስኮርትን የፊት ጎማ ነጂ አድርገው የኋላ በር ሰጥተው አወጡ። ጎልፍ በ1974 ለብቻዋ የያዘችው መስክ በስድስት ዓመት ውስጥ ተጨናነቀ። ኩባንያው በዚህ ጊዜ እንደ ጥንዚዛዋ ዘመን ሽያጩ እስኪወድቅ አልጠበቀም።

ቅርጹን የማውጣቱ ኃላፊነት የኩባንያው የንድፍ ክፍል ኃላፊ በነበሩት በሄርበርት ሼፈር እጅ ወደቀ። የተሰጣቸው ሥራ ከጁጃሮው የቀለለ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የከበደ ነበር። ጁጃሮ የሚጠብቁት ቅርስ ስላልነበራቸው በነጭ ወረቀት ላይ ነደፉ። ሼፈር ግን ሚሊዮኖች የለመዱትን ፊት ሳያጠፉ መኪናዋን በሙሉ መለወጥ ነበረባቸው። ስለዚህ ማዕዘኖቹ ክብ ክብ አሉ፥ ሰፊው የኋላ ምሰሶ ግን ቀረ፤ የጎኑ መስመር ለሰለሰ፥ ክቦቹ መብራቶች ግን አልተነኩም።

ለውጡ በልኬት ሲታይ ትልቅነቱ ይገለጣል። አዲሲቱ ጎልፍ 3.985 ሜትር ርዝመትና 1.665 ሜትር ስፋት ነበራት። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከ2.40 ሜትር ወደ 2.475 ሜትር አደገ፤ ይህም በቀጥታ ለኋላ ተሳፋሪዎች ጉልበት ቦታ የሰጠ ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ 55 ሊትር ያዘ። የነፋስ መቋቋሚያ መለኪያዋ ከ0.42 ወደ 0.34 ወረደ፤ ስለዚህ መኪናዋ ከቀድሞዋ ብትተልቅም በረጅም መንገድ ላይ ነፋሱን ለመሰንጠቅ የሚጠይቃት ኃይል አነሰ። ከዝገት የሚከላከለውም ሥራ ተጠናከረ፤ በላሜራው ውስጥ ያሉት ባዶ ክፍሎች ትኩስ ሰም ይገባባቸው ጀመር። በኋለኞቹ ዓመታትም የጭስ ማጣሪያ፥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬንና ከ1986 ጀምሮ አራቱንም ጎማ የሚነዳ አሠራር ተጨመረላት።

አዳራሽ 54

የሁለተኛዋ ጎልፍ ትልቁ አዲስ ነገር ግን ገዢው በዓይኑ ከማያየው ስፍራ ነበር። በቮልፍስቡርግ ለእርሷ የተዘጋጀው አዳራሽ 54 የተባለው መገጣጠሚያ በዘመኑ እጅግ ከተራቀቁት አንዱ ነበር። በአካል ብየዳና በቀለም ቅብ ሥራ ላይ ሮቦት መጠቀም በዚያን ጊዜ የተለመደ ቢሆንም፥ በመጨረሻው ግጥጠማ ላይ ግን የሰው እጅ ብቻውን ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ሥራው ሺህ ዓይነት ከመሆኑም በላይ፥ ሠራተኛው በጎበጠና በተንጋለለ ሰውነት የሚፈጽመው አድካሚ ሥራ ነበር። በአዳራሽ 54 ከመጨረሻው ግጥጠማ አንድ አራተኛ ያህሉ በመሣሪያ እንዲሠራ ተደረገ፤ ይህም ቀድሞ ከ5 በመቶ የማያልፍ ነበር።

ለመሐንዲሱ እጅግ አስተማሪው ነገር ይህ የተገኘበት መንገድ ነው። መሣሪያዎቹ መኪናዋን እንዲለምዱ ብቻ አልተደረገም፤ መኪናዋም ራሷ ለመሣሪያዎቹ እንድትመች ሆና ተነደፈች። የፊት ገጽታዋ መጀመሪያ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሞተሩ በመሣሪያ ክንድ ከፊት ለፊት በቀጥታ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የፊቱ ክፍል ይገጠማል። በቀድሞው አሠራር ሠራተኞች ሞተሩን እያዘነበሉና እያሽከረከሩ በጠባብ ቦታ ውስጥ ማስገባት ነበረባቸው። ከዚህም ሌላ የብሎኖቹ ጫፍ ሾጣጣ እንዲሆን ተደረገ፤ ቀዳዳው ጥቂት ቢዛነፍም እንኳ ብሎኑ ራሱ መንገዱን ፈልጎ ይገባል። ለእነዚህ ብሎኖች ኩባንያው 18 በመቶ የዋጋ ጭማሪ ከፍሏል። የዕቃ ግዢ ክፍል ሂሳቡን ለብቻው ቢያየው ኪሣራ ነው። የብሎኑን ዋጋ ከመስመሩ መቆም ጋር አስተያይቶ ለሚያሰላ ግን ትርፍ ነው። ነዳፊው፥ አምራቹና ገዢው ክፍል በየቢሮአቸው ተለያይተው ቢሠሩ ኖሮ ይህ ብሎን ባልተገኘም ነበር።

የአዳራሽ 54 አሠራር ያለ ጥያቄ አልታለፈም። መሣሪያዎቹ ውድ ነበሩ። ለአንዲት መኪና ቅርጽ ተብሎ የተዘጋጀ መሣሪያም ቅርጹ ሲለወጥ እንደገና መስተካከል አለበት። ሮቦቱ የሚሠራውን ሥራ የሚያጣው ሠራተኛ ወዴት ይሄዳል የሚለውም ጥያቄ፥ የ1975ቱን ስንብት ባልረሳች ከተማ ውስጥ፥ የወረቀት ላይ ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪው በጠቅላላው የተማረው፥ በመጨረሻው ግጥጠማ ላይ የሰው እጅና ዓይን በቀላሉ የማይተኩ መሆናቸውን ነው። ለማሽን እንዲመች ተብሎ የቀለለ ንድፍ ለሰውም የሚቀል መሆኑ ግን አዳራሹ ካስገኛቸው ቁም ነገሮች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

ከታሪኩ የሚቀረው

ሁለተኛዋ ጎልፍ ሦስተኛዋ እስከ ተተካችበት እስከ 1991 ድረስ በገበያ ላይ ቆይታ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመረተች። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ጎልፍን በየጊዜው እያደሰ ዛሬ ስምንተኛው ትውልድ ላይ ደርሷል። በጁን 25 ቀን 2002 የጎልፍ ጠቅላላ ምርት የጥንዚዛዋን በለጠ፤ በ2024 ሃምሳኛ ዓመቷ ሲከበርም ከ37 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ጥንዚዛዋ ወደ 21 ሚሊዮን የደረሰችው መሠረታዊ ቅርጿ ሳይነካ ነው፤ ጎልፍ ያንን ያለፈችው ደጋግማ እየተለወጠች ነው። ይህም የጥንዚዛዋን ነዳፊዎችና አምራቾች ጥበብ ዝቅ አያደርገውም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም በሞተሯ ድምፅ ከሩቅ የምትለይ ቮልስ ማየት የሚቻለው አሠራሯ የጸና በመሆኑ ነው። ነገር ግን ለባለቤቱ ረጅም ዕድሜ የሰጠው የአሠራር ቀላልነት፥ ለኩባንያው ሌላ ነገር እንዳያስብ የሚያደርግ የእንቅልፍ መድኃኒት ሆኖበት ነበር።

በፋብሪካም ሆነ በመሥሪያ ቤት፥ በመንገድ ሥራም ሆነ በውሃ ግድብ፥ ባለሙያው አንድ ጊዜ የተሳካለትን ንድፍ ደጋግሞ የመጠቀም ፈተና ሁልጊዜ ይገጥመዋል። ይህ ስንፍና ነው ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም፤ የተፈተነ ሥራ ከአልተፈተነ ይሻላልና። የቮልፍስቡርግ ታሪክ የሚያሳየው፥ የመለወጫው ጊዜ የሚታወቀው ሽያጩ ሲወድቅ ሳይሆን ሥራው ገና በሚገባ እየሄደ ሳለ በሚደረግ ጥሞናና ምርመራ መሆኑን ነው። ምን እንደሚቀር መወሰንም ምን እንደሚለወጥ ከመወሰን ያልተናነሰ ሙያ ይጠይቃል። ሼፈር ክቡን መብራት ሲያስቀሩና ከዚያ በስተኋላ ያለው የመኪናዋ ክፍል በሙሉ ሲለወጥ የተደረገው ይኸው ነው። በ1972 ክብረ ወሰኑን በደስታ ያከበረው ኩባንያ ከሦስት ዓመት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን አሰናብቷል፤ በ1983 ግን የምትሸጥ መኪናውን በራሱ ፈቃድ ሽሮ በአዲስ ተካት። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለው ልዩነት በዕድል ሊተረጎም አይችልም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በብዙ ዋጋ የተገኘ የሙያ ትምህርት ነው።